የማይግሬን መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ምግብ አስጠላኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው፤ መምህርት ስሆን ዕድሜዬ 34 ዓመት ነው። ግማሽ ራሴን እየፈለጠ የሚያስተኛኝ ማይግሬን በወር ስድስት ሰባት ጊዜ ስለሚመላለስብኝ የነርቭ ሐኪም ቶፒራሜት የተባለ መድኃኒት አዘዘልኝ። በ25 ሚሊግራም ጀምሬ በየሳምንቱ እየጨመርኩ አሁን በቀን 75 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ይሁን እንጂ ምግብ ፊቴ ሲቀርብ ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳልጨርስ ይዘጋኛል፤ እወደው የነበረው አምቦ ውሃም ጣዕሙ ተለውጦብኛል፤ ጣቶቼን ይነዝረኛል። ክብደቴ ከ58 ወደ 56 ኪሎ ወርዷል። እናቴ «ጨጓራሽን አቃጥሎት ነውና ተዪው» ትለኛለች። ሁዳዴም ሊገባ ነው። መድኃኒቱን ላቁመው?

መልስ፦ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቁሙት። የነገሩን ምልክቶች ሁሉ ከቶፒራሜት ጋር የታወቁ ናቸው፤ የምግብ ፍላጎት መቀነሱም የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ይበልጥ ይታያል። መድኃኒቱ በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተቀናጅቶ ለክብደት መቀነሻነት የተፈቀደው በዚሁ ጠባዩ ምክንያት ነው። የአምቦ ውሃውም ነገር ምክንያት አለው፤ ቶፒራሜት የሚያግደው አንድ ኢንዛይም ምላስ ላይ የጋዝን መቆንጠጥ እንድናውቅ የሚያደርገን በመሆኑ፣ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ለስላሳና ጋዝ ያለው ውሃ ጣዕሙ እንደጠፋ ወይም ብረት ብረት እንደሚል ይናገራሉ። ስለዚህ የእናትዎ ግምት ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ምግብ ሲዘጋን ሁሉንም በጨጓራ የማሳበብ የቆየ ልማዳችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ደረትዎ ሥር የሚያቃጥል ሕመም፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ተደጋጋሚ ትውከት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ስለሆነ ይመርመሩ። የወር አበባዎ ከዘገየም አስቀድመው የእርግዝና ምርመራ ያድርጉ፤ የምግብ መጥላት መንስኤ እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ ቶፒራሜት ደግሞ የፅንስን ከንፈርና ላንቃ መሰንጠቅን ጨምሮ ጉዳት የማድረስ ስጋት ስላለው ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት ይህን ሳታውቅ ልትወስደው አይገባም።

ዋናው ችግር ግን ከኪሎው መቀነስ በላይ ነው። ምግብ ሳይበሉ ረጅም ሰዓት መቆየት ራሱ ማይግሬንን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ በመሆኑ፣ ሕመሙን ይከላከላል ተብሎ የተጀመረው መድኃኒት ምግብ እያስዘለለ ሕመሙን መልሶ ሊጠራው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ብዙዎች «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብለው ይተዉታል፤ ጥቅሙን በትክክል ለመመዘን ግን ወደሚፈለገው መጠን ከደረሱ በኋላ ሁለት ሦስት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ረሃብን አይጠብቁ፤ ረሃቡ ላይመጣ ይችላልና በሰዓት ይብሉ። ከእንቅልፍ በተነሡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥቂት ነገር ይቅመሱ፤ ከዚያም በየሦስት አራት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይድገሙ። የእንጀራ ገበታ ሲያዩት ከከበደዎት ወፍራም አጥሚት፣ በሶ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አቮካዶ ወይም አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃል፤ የትኩስ ወጥ ሽታ የሚያስመልስዎት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ይቀላል። በመጠን ትንሽ የሆነው ምግብ ኃይሉ እንዲበዛ አጥሚቱ ላይ ቅቤ ወይም ዘይት ይጨምሩበት። ውሃም ሆነ ሻይ ከምግብ በፊት ሆድ ስለሚሞላ ከበሉ በኋላ ይጠጡ፤ ቢሆንም በቀን ውስጥ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ መጠጣትዎን አይርሱ፤ ቶፒራሜት የኩላሊት ጠጠር የመፍጠር ዕድልን ከፍ ያደርጋል። ቡናን በባዶ ሆድ መጠጣት የቀረውን ፍላጎትም ሊያዘገይ ስለሚችል ቁርስ ይቅደመው። ቡናውን በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርጎ መተው ግን አይመከርም፣ እሱም በራሱ ራስ ያሳምማል።

ስለ ጾሙ እውነቱን ልንነግርዎ ይገባል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየት አሁን ባሉበት ሁኔታ ለማይግሬኑም ለኩላሊቱም አይበጅም፤ መድኃኒቱ የደምን አሲድነት የመጨመር ጠባይ ስላለው የረጅም ሰዓት ረሃብ ይህንንም ያባብሰዋል። የጾም ምግቡ በራሱ ግን ችግር የለውም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ተልባና ለውዝ በበቂ መጠን ከተበሉ ፕሮቲንም ኃይልም ይሰጣሉ፤ በአጥሚቱም ላይ ከቅቤ ይልቅ ዘይት ይገባል። ሰዓቱን ብቻ ነው ማሻሻል የሚያስፈልገው፤ ለታመመ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ስላልሆነ የንስሐ አባትዎን ቀደም ብለው ያማክሩ።

በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ተመዝነው ይጻፉት፤ ራስ ምታቱ የመጣባቸውንም ቀናት ጎን ለጎን ይመዝግቡ። ክብደትዎ ከ55 ኪሎ በታች ከወረደ፣ ማለትም ከመነሻው 5 በመቶ ያህል ከቀነሰ፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ። ድንገተኛ የዓይን ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ ከተሰማዎት ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፤ ይህ በተለይ በመጀመሪያው ወር ሊከሰት የሚችልና ቶሎ ካልታከመ ዓይንን የሚጎዳ ችግር ነው። ያለማቋረጥ መተከዝ ወይም ትንፋሽ መፍጠንም ችላ አይባሉም።

ሐኪሙ ማስታወሻዎን አይቶ መጠኑን 75 ላይ ሊያቆየው፣ ወደ 50 ሊመልሰው ወይም ጭማሪውን በየሁለት ሳምንቱ ሊያደርገው ይችላል። ይህም ካልረዳ ቀስ በቀስ ቀንሶ ወደ ሌላ መከላከያ ማሸጋገር ይቻላል። አሚትሪፕቲሊን የምግብ ፍላጎትን ከፍ ስለሚያደርግ ለከሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይመረጣል፣ እንቅልፍ ማብዛቱና አፍ ማድረቁ ግን ይኖራል፤ ፕሮፕራኖሎልም ሌላ ምርጫ ነው፣ አስም ካለብዎት ግን ስለማይሰጥ አስቀድመው ይንገሩት።