ግሬት ኦክን ወደ ባሕር መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የዛሬው ርዕስ ከምድር የጠፋውን ግሬት ኦክን በሳይንስ መልሶ ማስገኘት ነው፤ ግሬት ኦክ መብረር የማይችል፣ 5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሰሜን አትላንቲክ ወፍ ነበር። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች በ1844 እ.ኤ.አ. አይስላንድ አጠገብ ባለችው ኤልዴይ ደሴት ተገደሉ።

ጥ፦ ፔንግዊን ነው እንዴ?
መ፦ አይደለም፤ ፔንግዊኖች ግን ስማቸውን የወረሱት ከእሱ ነው። የቅርብ ዘመዱ ዛሬም የሚበርረው ሬዘርቢል ነው።

ጥ፦ እንደ በጓ ዶሊ ለምን በክሎኒንግ (ከአንድ ሕዋስ ቅጂ በማውጣት) አይሠሩትም?
መ፦ ክሎኒንግ ያልተበላሸ ሕዋስ ይፈልጋል፤ ሙዚየም ውስጥ የቀረው ቆዳ ዲኤንኤው ተሰባብሯል። ደግሞም ዶሮ እንቁላል ስትጥል በውስጡ ያለው ጽንስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት ሆኗል። ከዚያ በፊት ደርሶ ከግዙፉ አስኳል ላይ ኒውክለሱን (ዲኤንኤ የያዘውን የሕዋሱን ማዕከል) መተካት እጅግ ከባድ ነው።

ጥ፦ ታዲያ በየት በኩል ይሞከራል?
መ፦ በዘር ሕዋስ በኩል። የተሰባበረው ዲኤንኤ ተነቦ ከሬዘርቢል ጂኖም (ሙሉ የዲኤንኤ ስብስብ) ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ ከሬዘርቢል ጽንስ ቀዳሚ የዘር ሕዋሳት፣ ማለትም ኋላ እንቁላል ወይም የወንድ ዘር የሚሆኑት፣ ይወሰዳሉ (በዶሮ ቢሆን እንቁላሉ በታቀፈ በ3ኛው ቀን ገደማ፣ ከጽንሱ ደም)፤ የተመረጡት ጂኖች ተለውጠው ሕዋሳቱ በአሳዳሪ ወፍ ጽንስ ደም ውስጥ ይገባሉ። አሳዳሪው ሲያድግ ራሱን ይመስላል፤ ዘሩ ግን የሌላ ነው። የግሬት ኦክ እንቁላል ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚረዝም ለአሳዳሪነት የታሰበው ዝይ ነው።
ሥራው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የዶሮን ሕዋስ የሚያራባው ፈሳሽ ለሌላ ወፍ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ዝርያው በራቀ ቁጥር ደግሞ የገባው ሕዋስ በአሳዳሪው አካል ውስጥ መራባቱ ያጠራጥራል። ቢሳካ እንኳ የሚፈለፈለው፣ በእኔ አስተያየት፣ ግሬት ኦክ የመሰለ ሬዘርቢል ነው።

ጥ፦ ተፈለፈለ እንበል። ባሕር ላይ መልቀቅ ብቻ ነው የሚቀረው?
መ፦ ዋናው ፈተና ገና ያኔ ይጀምራል። የሬዘርቢል ጫጩት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ባሕር ይገባል፤ ለሳምንታት የሚጠብቀውና የሚመግበው አባቱ ነው። ዝይ ሣር እንጂ ዓሣ አታስተምርም! በሜይን፣ አሜሪካ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. የፓፊን (የሬዘርቢል ዘመድ የሆነ የባሕር ወፍ) ጫጩቶችን ከኒውፋውንድላንድ አምጥተው በሰው ሠራሽ ጉድጓድ ውስጥ ዓሣ እየሰጡ አሳደጉ፤ ወፎቹ ባዶ ደሴት ስለማይደፍሩም የእንጨት አምሳያ አቆሙላቸው። መጀመሪያ የጎጆ ጥንድ የታየው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ያውም ጫጩት የሚያመጡበት የዱር መንጋ ነበራቸው። ግሬት ኦክ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ መብረር ስለማይችልም ከባሕር በእግር የሚወጣበት ተዳፋት ዓለት፣ አይጥና ቀበሮ የሌለበት ደሴት፣ መረብ የማይጣልበት ውኃ ያስፈልገዋል።

ጥ፦ ይህ የዘር ሕዋስ ዘዴ የሀበሻ ዶሮን ዝርያ ለማቆየት ይጠቅማል?
መ፦ አዎ፣ ያውም ቶሎ። የዶሮ እንቁላል ቀዝቅዞ አይቆይም፤ እነዚህ ሕዋሳት ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን በ-196 ዲግሪ ይቀመጣሉ።