ደሞዝ ስላለሽ ልጁ አይከለከልም

እህቴ፣ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሟች እህትሽን ልጅ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እያሳደግሽ፣ በፎስተር ኬር (መንግሥት ልጅን ለአሳዳጊ በሚሰጥበት መንገድ) ስላልመጣና ደሞዝ ስላለሽ «ምንም አይገባሽም» ተብያለሁ ብለሻል። ልክ አይደለም።

ታንፍ የሚባለውን የገንዘብ ድጋፍ «ለልጁ ብቻ» ብለሽ አመልክቺ። ወላጁ ስላልሆንሽ ያንቺ ደሞዝ አይቆጠርም፤ የሚታየው የልጁ ገቢ ነው። እኔ የወንድሜን ልጅ ስይዝ ይህን አላወቅኩም። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ የደሞዝ ወረቀቴን አየት አድርጋ መለሰችኝ። ለካ ቅጹ ላይ ራሴንም ከልጁ ጋር ተረጂ ብዬ ጽፌያለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከኪሴ ወጣ። አንቺ ራስሽን አታስገቢ።

ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና መድን ደግሞ በልጁ ስም ጠይቂ።

እህትሽ እየሠራች ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት የጡረታና የተተኪ ክፍያ) ከደሞዟ ትከፍል ከነበረ ደግሞ ለልጁ በየወሩ የሚከፈል ሊኖር ይችላል። ለእሷ ይገባት ከነበረው ሙሉ ክፍያ እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። እንደ ልጁ ገቢ ስለሚቆጠር ታንፉን ሊቀንሰው ይችላል፤ ቢሆንም አትተዪው፣ የእናቱ ላብ ነው።

ዲሲ ለአክስት፣ ለአጎትና ለመሳሰሉት ዘመዶች የተለየ ድጎማም አላት። ልጁ ካንቺ ጋር ቢያንስ 6 ወር መኖር አለበት። እዚህ ላይ ግን ያንቺም ገቢ ይታያል።

የልጁን፣ የእህትሽንና ያንቺን የልደት ወረቀት ያዢ፤ ዝምድናችሁ የሚታየው በሱ ነው። አስተርጓሚም ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የከተማው ሕግ ይፈቅድልሻል። እባክሽ ልጁን አታስተርጉሚው። የእናቱን ሞት በራሱ አፍ እንዲናገር አይገደድ።