«ዲኮምፕሬሽን ቫልቭ ላስገባለት ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድማችን

ወንድሜ፣ «ከአባቴ የቀረልኝ ሱዙኪ ቲኤስ 400 ሞተር ሳይክል ለማስነሳት ስረግጠው መልሶ እግሬን ይመታኛል፤ ዲኮምፕሬሽን ቫልቭ ላስገባለት አስቤያለሁ፤ ባሕር ዳር ውስጥ የሚሠራው አለ ወይ?» ብለሃል። አለ። የእኔም ያው ቲኤስ 400 ነው፤ ቫልቩም (ስትረግጥ የሞተሩን ግፊት ከፊል አስተንፍሶ መርገጡን የሚያቀልልህ) የገባለት እዚሁ ነው። ግን ቴስታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አንዴ ተበላሽቶ፣ በአርጎን ተበይዶ፣ እንደገና ተበስቶ ነው። አንተ ያን ጣጣ እንዳታይ ብዬ ነው እንዲህ አርዝሜ የምጽፍልህ።

አንደኛ፣ ቴስታውን ከመንካትህ በፊት ኢግኒሽኑን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ለመካኒክ አሳይ። ሞተር መልሶ የሚመታው ብዙ ጊዜ እሳቱ ስለሚቀድም ነው። ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ካንዴላው ከለኮሰ፣ አረጋገጥህ ትንሽ ደከም ሲል መርገጫውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ቫልቩ ይህን በሽታ ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። መርገጡ ይቀልልሃል፤ እሳቱ ግን እንደቀደመ ነው፤ ዳገት ላይ ፒስቶኑን ሊበሳው ይችላል። የእኔን ስናየው ልክ ነበር። ስለዚህ የቀረው የሞተሩ ትልቅነት ብቻ ሆነ። 396 ሲሲ በአንዲት ፒስቶን ነው፤ የፒስቶኗ ስፋት 82 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠሩት ትልልቅ ባለ አንድ ፒስቶን ቱ ስትሮክ ሞተሮች እግር የሚፈትኑት በዚህ ነው።

ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን የሚያምቅበትን ግፊት) ሲለኩልህ ደግሞ ጌጁ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አትደንግጥ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ማኑዋሉ ላይ ያለውን ቁጥር አዲስ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ብታስገባም አታገኘውም። እኔን አንድ መካኒክ ይህን ሳያስብ «ፋሻ አልቋል፣ ቀይር» ብሎኝ ነበር። ፋሻው ምንም አልሆነም። ያንኑ ሞተር ወደ መተማ ቆላ ብታወርደው እግርህን ይበልጥ ይከብደዋል።

ሁለተኛ፣ ቫልቩን ሞተር ሳይክል ዕቃ ቤት አትፈልገው። የሚያስፈልግህ ቼንሶ (እንጨት መቁረጫ የሞተር መጋዝ) ላይ ያለው ነው፤ የስቲልና የሁስክቫርና ትልልቆቹ መቁረጫዎች አላቸው። ቁልፏን ስትጫናት ትከፈታለች። ስትረግጥ የግፊቱ ከፊል በእሷ በኩል ይተነፍሳል። ሞተሩ እሳት እንደያዘ የራሱ ግፊት ገፍቶ ይዘጋታል፤ አንተ ምንም አትነካም። በሽቦ ከመሪው ላይ የሚሳብ ዓይነትም አለ፤ ለማስነሳት ብቻ ከሆነ ግን ሽቦው ትርፍ ጣጣ ነው። ጎጃም ባሕር ዛፍ የሚቆረጥበት አገር ነው፤ ቼንሶ የሚጠግን ሰው አይጠፋም፣ እሱን ጠይቅ። ከመግዛትህ በፊት ዝጋትና በታችኛው አፏ በኩል ንፋባት። አየር ካሳለፈች መልሳት።

ሦስተኛ፣ የቫልቯ ጥርስ 10×1 ነው፤ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እባክህ ይህን ቁጥር አጥብቀህ ያዘው፤ የእኔን ቴስታ የበላው እሱ ነው። ጋራዦቻችን ውስጥ የሚገኘው ጥርስ ማውጫ 10×1.25 ወይም 10×1.5 ነው፤ ቡሎኖቹ እነዚህ ናቸውና። 10×1 ያለው ቶርኖ ቤት ጥቂት ነው። እኔ የሄድኩት ከተማው ውስጥ ስሙ የተጠራ ቦታ ነው። ተበላሸ እንዳይባል «ጥርስ 10×1፣ ትራፓኖ 9 ሚሊ ሜትር» ብዬ በወረቀት ጽፌ በእጁ ሰጠሁት። ወረቀቱን አይቶ የቡና ሲኒው ሥር አደረገው። ቆሜ ልይ ስለው «ደንበኛ እዚህ አይቆምም» አለኝ።

ማታ ስመለስ ቫልቩ ገብቶ፣ ቴስታው ተወልውሎ ጠበቀኝ። ሲያዩት ያምራል። ሒሳቤን ከፍዬ ገጠምኩት። በመጀመሪያው እርግጫ ተነሣ፤ እግሬ ምንም አልተሰማውም፤ ደስታዬን አትጠይቀኝ። ከዚያ በአባይ ድልድይ ተሻግሬ የቤዛዊትን ዳገት ስጀምር ጧ! ብሎ ቫልቩ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሱሪዬ ላይ ጥቁር ዘይት ተረጨ፤ ሞተሩ ጠፋ። ቫልቩን ከመንገዱ ዳር አነሣሁት፤ የቴስታዬ አሉሚኒየም እንደ ጸጉር ተጠምጥሞበታል። ሰውየው በ1.25 ጥርስ አውጥቶ፣ ቫልቩ ሁለት ዙር ገብቶ ሲነክስ በመፍቻ አስገድዶ አስገብቶታል። ጥርስ መለኪያ ይዤ ሄጄ አሳየሁት። «ቫልቩ ቻይና ነው፤ የእኔ ጥርስ ጤነኛ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሠራተኞቹ ፊት «ሥራ አታስፈታን» አለኝ። ከብሩ ሳንቲም አልመለሰልኝም። ቴስታው እኮ እንደ ባጃጅ ዕቃ ከየሱቁ የሚገዛ አይደለም! እስከ ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ያንገበግበኛል።

ሌላም ጥፋት ነበረው። ቀዳዳውን የበሳው በቴስታው ጠርዝ፣ ፒስቶኑ በጣም ተጠግቶ በሚያልፍበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ አይነካም። ቀዳዳው መሃል ጎድጎድ ባለው በኩል፣ ከካንዴላው ጥርስ ራቅ ብሎ፣ አሉሚኒየሙ በወፈረበት ነው የሚበሳው።

ያዳነኝ አንድ የአርጎን በያጅ ነው። እጁ ይባረክ። ቴስታውን መጀመሪያ በቤንዚን ደጋግሞ አጠበው፤ ከዚያ አሞቀው። የድሮ አሉሚኒየም ዘይት ስለሚጠጣ እንዲሁ ከበየዱት ይፈላና ጥቁር አረፋ ይሆናል። ቀዳዳውን ሞልቶ ሲጨርስ እኔ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ የቴስታውን ፊት እያሸሁ አስተካከልኩት። ከዚያ ሚሊንግ ማሽን ያለው ሰው ፈልጌ፣ 10×1 ጥርስ ማውጫ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ አጠገቡ ቆሜ አሠራሁ። ጥርሱን እስከ ታች አላወጣነውም። ቫልቯ የምትቀመጥበት ጉድጓድ አለ፤ ከሥሩ ወደ ውስጥ የሚያልፈው 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ነው። ቼንሶዎቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ቫልቯ አንድ ቀን ብትሰበር ስባሪዋ ፒስቶኑ ላይ አይወድቅም። ጉድጓዱ ግን ቫልቯ ስትከፈት የምትወርድበት ቦታ ይኑረው። ጥርሱና የቫልቯ መቀመጫ በአንድ አያያዝ ይሠሩ፤ ቴስታው ከማሽኑ ከወረደ በኋላ መቀመጫውን ልሥራ ካለህ እንቢ በል፤ ይጣመማል፣ ግፊትም ያፈሳል። ጣት እንዲገባም ከማቀዝቀዣ ክንፎቹ ትንሽ አስቆርጥ።

አሁን ቁልፏን እጫናለሁ፣ እስከ ታች እረግጣለሁ፣ ይነሣል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ እንኳ ያስነሣዋል። ጎርጎራ ድረስ ሄጄበት ተመልሻለሁ፤ ጠብታ አላፈሰሰም። አንተም ቫልቭ አለኝ ብለህ ግማሽ እርግጫ አትርገጥ፤ በሸበጥም አትሞክረው። ሞተሩ ሲሞቅ ቁልፏ ታቃጥላለች፤ ጓንት አድርግ። ቅባትና ጥላሸት ሲይዛት መዝጋት ስለምትሰንፍ አልፎ አልፎ ፈትተህ በቤንዚን እጠባት።

ጥርስ ማውጫውን እንዳትገዛ፤ የእኔ አለ። ኢንቦክስ አድርግልኝና አውስሃለሁ። ስትመጣ ቴስታውን ፈትተህ ያዘው፤ የት እንደሚበሳ በእርሳስ ምልክት አድርጌ እሰጥሃለሁ፤ ሚሊንግ ያለው ሰው ጋም አብረን እንሄዳለን።