የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ሞንጎሊያን ከሩቅ ለሚያጠኑ

ጥያቄ፦ በውጭ አገር የሞንጎሊያን ባህልና ጥናት የሚያስተዋውቁ ምሁራዊ ማኅበራት እንዳሉ እሰማለሁ። ሥራቸው ምንድን ነው? አባል ለመሆን ሞንጎሊያዊ ወይም ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሁለቱንም መሆን አይጠበቅብዎትም። ከታወቁት አንዱ በአሜሪካ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዘ ሞንጎሊያ ሶሳይቲ ነው። የተመሠረተው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ሞንጎሊያም የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆነችው በዚያው ዓመት ነበር፤ ከአሜሪካ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመረችው ግን በ1987 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለአሜሪካ ተመራማሪ የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ድረስ ሄዶ መጻሕፍት ማገላበጥ ቀላል ስላልነበረ፣ ማኅበሩ ጉልበቱን ያዋለው ኅትመት ላይ ነው። «ሞንጎሊያን ስተዲስ» የተባለ የጥናት መጽሔት ያወጣል፤ መዝገበ ቃላትና የጥናት ጽሑፎችም አሳትሟል። ዓመታዊ መዋጮውን የሚከፍል ማንም ሰው አባል ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ1986 የተቋቋመ የሞንጎሊያና የውስጥ እስያ ጥናት ክፍል አለ። በኡላንባታር ደግሞ የዓለም የሞንጎል አጥኚዎች ጉባኤ ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው የተካሄደው በ1959 ነበር። የትኛውንም ማኅበር ከመቀላቀልዎ በፊት ያሳተመውን ይመልከቱ። በእኛ እምነት የማኅበር ጥንካሬ የሚታወቀው ሌላ ተመራማሪ ፈልጎ ሊያገኘው በሚችል ጽሑፍ ነው፤ በበዓል ቀን በአዳራሽ ደጃፍ በሚተከል የዘላኖች የሱፍ ድንኳን አይደለም።

ጥያቄ፦ ዘ ሞንጎሊያ ሶሳይቲ እንደገና ያሳተመውን የሌሲንግ የሞንጎልኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ከሞንጎሊያውያን አፍ የሰማኋቸውን ቃላት ግን አላገኛቸውም።

መልስ፦ መዝገበ ቃላቱ ቃላትን የሚደረድረው ከላይ ወደ ታች በሚጻፈው በጥንቱ የሞንጎል ጽሕፈት ሆሄ እንጂ በዛሬው አነጋገር አይደለም። ጽሕፈቱ የቀድሞውን ድምፅ እንደያዘ ቆይቷል፤ አነጋገሩ ግን በሁለት አናባቢዎች መካከል የነበረውን «ገ» ጥሎ ድምፁን አርዝሞታል። ተራራ በአፍ ረዘም ተደርጎ «ኡል» ይባላል፤ በጽሕፈት «አጉላ» ነው። ስለዚህ በ«ኡ» ሥር ቢፈልጉ በከንቱ ይደክማሉ። የዋና ከተማዋ ስም እንኳ በጥንቱ ሆሄ «ኡላጋን ባጋቱር» ተብሎ ነው የሚጻፈው። የረዘመ አናባቢ ሲሰሙ መሃሉ ላይ «ገ» አስገብተው ይሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሆነ የቃሉን የጥንት ሆሄ ከሌላ መዝገበ ቃላት አጣርተው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ሞንጎሊያዊ ደራሲን በዋቢዎቼ ውስጥ በየትኛው ስሙ ላስገባው? ካታሎጎቹ አይስማሙም።

መልስ፦ በራሱ ስም። ሞንጎሊያውያን የአባታቸውን ስም አስቀድመው፣ የባለቤትነት ምልክት ጨምረውበት፣ የራሳቸውን ያስከትላሉ። የቋንቋ ሊቁና ደራሲው ፀንዲን ዳምዲንሱረን ማለት የፀንድ ልጅ ዳምዲንሱረን ነው። አገሩ ውስጥ «ፀ. ዳምዲንሱረን» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚፈለገውም በ«ዳ» ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከኮምፒውተር ቅጽ ነው። የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን የአባቱ ስም ሲገባ ፕሮግራሙ «ፀንዲን» ብሎ ይደረድረዋል፤ የአንድ ሰው ሥራም በሁለት ቦታ ይበተናል። በዚያ ሳጥን የራሱን ስም፣ በሌላው የአባቱን መነሻ ፊደል ያስገቡ። ደብዳቤ ሲጽፉለትም በራሱ ስም ይጥሩት፤ በአባቱ ስም ከጠሩት ሌላ ሰው ጠሩ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለማኅበራችን መጽሔት በጥንቱ የሞንጎል ጽሕፈት አንድ አንቀጽ አስገባን። ታትሞ ሲመጣ አንድ አንባቢ «መጨረሻው መጀመሪያ ሆኗል» አለን። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ዲዛይነራችሁ ሳጥኑን በሙሉ ሳያዞረው አልቀረም። ጽሕፈቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዓምዶቹ የሚከታተሉት ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ብዙ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ይህን አቀማመጥ ስለማያውቁት ጽሑፉን አጋድመው ያስቀምጡታል። ዲዛይነሩ ያንን ወደ ቀኝ 90 ዲግሪ ሲያዞረው ባለ አንድ መስመር ርእስ ልክ ይመጣል። አንቀጽ ከሆነ ግን ከላይ የነበረው የመጀመሪያ መስመር በቀኝ ጫፍ ይቆማል፤ ከግራ የሚጀምረው አንባቢም የመጨረሻውን መስመር አስቀድሞ ያገኛል። መፍትሔው እያንዳንዱን መስመር በየራሱ ሳጥን ማስገባት፣ ለየብቻ ማዞር፣ ከዚያ ከግራ ጀምሮ መደርደር ነው። ጽሑፉ ረጅም ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀጥ ያለ አጻጻፍ በሚደግፍ የድረ ገጽ ማሳያ አዘጋጅታችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩት፤ ፎንቱም ፋይሉ ውስጥ መካተቱን አረጋግጡ። ፊደሎቹ በቃል መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ቅርጻቸው ስለሚለያይ፣ ፎንቱ ከጠፋ ተለያይተው ይቀራሉ።

ሌላው ችግር ለዓይን አይታይም፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸኛው ነው። በ1999 የሞንጎል ጽሕፈት ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በሚጠቀሙበት የጋራ የኮድ ሥርዓት) ሲገባ ኮድ የተሰጠው ለቅርጽ ሳይሆን ለድምፅ ነው። «ኦ» እና «ኡ» በጽሕፈቱ መልካቸው አንድ ነው፤ «ተ» እና «ደ»ም በብዙ ቦታ አይለዩም። ጸሐፊው አንዱን በሌላው ቦታ ቢመታ ወረቀቱ ላይ ምንም ስሕተት አይታይም፤ ቃሉን በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ግን አያገኘውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን በላቲን ፊደል የተገለበጠ ቅጂ አስቀምጡ። ሲታረም ሁለቱ ይነጻጸሩ።

ሞንጎሊያ ዛሬ ከጥንቱ ጽሕፈት ጋር በምትጠቀምበት፣ ከሩሲያ ፊደል በተወሰደው በሲሪሊክም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የሞንጎሊያ ሲሪሊክ 35 ፊደላት ሲኖሩት፣ ሁለቱ አናባቢዎች በሩሲያ ኪቦርድ ላይ አይገኙም፤ አንደኛው ወገቡ የተሰመረበት «ኦ» ነው። በቅርብ በሚመስላቸው ፊደል ሲተኩ ፀጉር ውሃ፣ ዕዳ ደግሞ አልጋ ይሆናል። የሞንጎልኛ ኪቦርድ መጫን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ከጥር ወር 2025 ጀምሮ በሞንጎሊያ የመንግሥት ሰነዶች በሁለቱም ጽሕፈቶች እንዲዘጋጁ በሕግ ስለተደነገገ ይህ ጥንቃቄ ለአጥኚዎች ብቻ የሚተው አይደለም።

ጥያቄ፦ የሞንጎሊያ የባህል ቀን ልናዘጋጅ ነው። ቀኑን ከቻይና አዲስ ዓመት ጋር ብናደርገውስ?

መልስ፦ አታድርጉት። የሞንጎሊያ አዲስ ዓመት ፀጋን ሳር በራሱ ስሌት የሚወጣ በዓል ነው፤ ከቻይናው ጋር አንዳንድ ዓመት ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት በአንድ ቀን፣ አልፎ አልፎም በአንድ ወር ይለያያል። ናዳም የተባለው ብሔራዊ የበጋ በዓል ግን ሁልጊዜ ከሐምሌ 11 እስከ 13 በፈረንጆች ነው። የፈረስ ራስ ያለውን ባለ ሁለት ክር ሞሪን ኹር የሚጫወት ሰው ከጋበዛችሁ ከማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ደረቅ ሙቀት የእንጨቱን ገጽ ይሰነጥቃል። ክሩ የፈረስ ጭራ ከሆነ በእርጥበት ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ተጫዋቹ መሣሪያውን ይዞ ቀደም ብሎ አዳራሹ ውስጥ ይቆይ፤ ክሩ የክፍሉን አየር ከለመደ በኋላ ነው የሚቃኘው።