ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የሸክላ አፈር ማስክ ፊቴን ለምን አጠቆረው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው። ፊቴ ወዛም ስለሆነ ግንባሬና ጉንጬ ላይ ለዓመታት ብጉር ሲወጣብኝ ኖሯል። ከጥቂት ወራት በፊት ከአንድ የመዋቢያ ዕቃዎች መሸጫ አረንጓዴ የሸክላ አፈር ዱቄት ገዛሁ። በሎሚ ጭማቂና በማር ለውሼ ፊቴን እቀባለሁ፤ ደርቆ እስኪሰነጣጠቅ ጠብቄ እታጠባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቴ ስለጠራልኝ በሳምንት 4 ጊዜ መቀባት ጀመርኩ። አሁን ግን ቆዳዬ ያቃጥለኛል፣ ይላላጣል፤ ጉንጬና አገጬ ላይም ጥቋቁር ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ብጉሩም አልጠፋም። የሸጠችልኝ ሴት «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ታገሺ» ትለኛለች። አክስቴ ደግሞ ከገጠር የምታመጣው ነጭ አፈር እንደሚሻል ትናገራለች። አፈሩን በውኃ በጥብጦ መጠጣት ደም ያጠራል ሲባልም ሰምቻለሁ። የ5 ወር ልጄን አጠባለሁ። ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ማስኩን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። መቃጠልና መላላጥ የላይኛው የቆዳዎ ሽፋን መጎዳቱን ያሳያሉ። «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ታገሺ» የሚለው ምክር ሰው የተጎዳ ቆዳውን ለወራት ደጋግሞ እንዲጎዳ ያደርጋል፤ ስለዚህ እባክዎ አይቀበሉት።

የሸክላ አፈር ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም። በጣም ደቃቅ የሆኑት ቅንጣቶቹ በመሶብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ በስስ ንጣፍ የተነባበሩ ናቸው፤ ስለዚህ ውኃና ቅባት የሚይዝላቸው ሰፊ ገጽ አላቸው። ካኦሊን የሚባለው ነጩ ዓይነት በመጠኑ ይስባል፣ ለቆዳም የዋህ ነው። ቤንቶናይት ግን ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ብዙ ቅባትም ይስባል። ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሚያደርጋቸው በአብዛኛው በውስጣቸው ያለው ብረት ነው። ቀለሙን እያዩ «ይህ ለብጉር፣ ያ ለማድያት» ብሎ መምረጥ የሻጮች ልማድ እንጂ የሕክምና ማስረጃ ያለው ነገር አይደለም።

እንግዲህ ወዛም ፊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲቀባ ከገጹ ላይ ያለውን ቅባት ያነሣል። ፊትዎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠራልዎት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቅባቱን የሚያመነጩት ዕጢዎች ከቆዳው ሥር ናቸው፤ ሥራቸውንም የሚመራው ሆርሞን ነው። ብጉር የሚጀምረው ቅባቱና የሞቱ ሕዋሳት የጸጉርን ቀዳዳ ከውስጥ ሲደፍኑት ነው። ከዚያ ባክቴሪያ ይራባል፤ አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል። አፈሩ እዚያ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ብጉርዎ አለመጥፋቱ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ከአፈሩ የተጠበቀው ከአቅሙ በላይ ነው። «መርዝ ከቆዳ ይስባል» የሚባለውም እውነት አይደለም፤ ሰውነታችን መርዛማ ነገሮችን የሚያስወግደው በዋናነት በጉበትና በኩላሊት ነው። ማስኩ ሲደርቅ ፊት የሚጨመደደው ውኃው ስለሚተንና አፈሩ ስለሚኮማተር ብቻ ነው።

ጉዳቱን ያደረሰው አቀባቡ ነው። እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ሲያቆዩት የላይኛው ቆዳ እርጥበቱንና የሚጠብቀውን ቅባት ያጣል፤ ይህ በሳምንት 4 ጊዜ ሲደጋገም ቆዳው የሚያገግምበት ጊዜ የለውም። በዚያ ላይ ጤነኛ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) መጠኑ 5 አካባቢ ነው። በውኃ የተለወሰ ቤንቶናይት ብዙውን ጊዜ ከ8 በላይ ሲሆን የሎሚ ጭማቂ ደግሞ ወደ 2 ይጠጋል። ሁለቱም ለፊት የሚስማሙ አይደሉም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሎሚው ነው። ከገበያ የምንገዛው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ፉሮኩማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ቆዳ ላይ ሳሉ የፀሐይ ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥሉታል። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። በዚህ የተነሣ ሰው ሎሚውን ሳይጠረጥር ሌላ ምክንያት ይፈልጋል። ቦታው ከዳነ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። በአዳማ ፀሐይ ሎሚ የነካው ፊት ይዞ መውጣት ለዚህ ያጋልጣል። ጥቁሩ ምልክት ጭማቂው በወረደበት መስመር፣ ለምሳሌ አገጭ ሥር ወይም ማስኩን በለወሱበት እጅ ጣቶች ላይ ካለ ጥርጣሬዬ ይበረታል።

ይህ ሁሉ በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ሲሆን የበለጠ ያስከፍላል። ቡናማና ጥቁር ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ቀለም ሰጪዎቹ ሕዋሳት ብዙ ቀለም ያመነጫሉ። ቁስሉ በሳምንት ይድናል፣ ጥቁረቱ ግን ይቆያል። በነጭ ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ የሚጠፋው እኛ ላይ ጥቁር ሆኖ ይከርማል። «ካላቃጠለ አይሠራም» የሚለውን እምነት አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። ጥቁረቱን ለማጥፋት ተብሎ ከዚያ ቀጥሎ የሚገዛው የማቅያ ቅባት ደግሞ የባሰ ነው። መለያ ጽሑፍ በሌላቸው ቅልቅል ቅባቶች ውስጥ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ መድኃኒት) ወይም ሜርኩሪ ሊገኝ ይችላል። ስቴሮይዱ የፊት ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉርንም ያባብሳል፤ ሜርኩሪ ለእርስዎም ጉንጭዎን ለሚስም ሕፃን ልጅዎም መርዝ ነው። ነጠብጣቦቹ በአብዛኛው በራሳቸው ይደበዝዛሉና እባክዎ ወደዚያ አይሂዱ።

የአክስትዎን ምክር በተመለከተ፣ ነጩ አፈር ካኦሊን ሊሆን ይችላል፤ በአገራችንም ለሴራሚክ ሥራ የሚውል ካኦሊን ይወጣል። ነገር ግን በዓይን ብቻ አይታወቅም። ከኖራ ጋር ቢምታታ ኖራ ቆዳንም ዓይንንም ያቃጥላል። ከመሬት የተቆፈረ ያልተጣራ አፈር የመንጋጋ ቆልፍን ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ ከብት በአባ ሰንጋ በሞተበት ቦታ ያለ አፈርም የበሽታውን ጀርም ለረጅም ዓመታት ያቆያል። የፈረጠ ብጉር ደግሞ ክፍት በር ነው። በደጋው አካባቢ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሄዱ ገበሬዎቻችን በዝሆኔ እግራቸው እንደሚያብጥ ያውቁ ይሆናል። ያ በሽታ የሚመጣው በእግር ቆዳ በኩል በሚገቡ የአፈር ማዕድን ቅንጣቶች ምክንያት ነው። ማስክ ዝሆኔ ያስይዛል ማለቴ አይደለም፤ አፈር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ብቻ ምንም አያደርግም የሚለውን ግን አልቀበልም።

በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ቀይ አፈር በቅቤ ለውሰው ጸጉራቸውን ይቀባሉ። እነሱ አፈሩን ከቅባት ጋር ያዋሕዱታል፤ በማስክ ግን አፈሩ የቆዳችንን ቅባት እንዲወስድ እናደርጋለን። ቅቤን ካነሣሁ አይቀር፣ በአራስነትዎ ጊዜ ጸጉርዎን ቅቤ ይቀቡ ከነበረ ወይም አሁንም የሚቀቡ ከሆነ ወደ ግንባር የሚወርደው ቅባት ቀዳዳዎችን ስለሚደፍን የግንባርዎን ብጉር ያባብሳል። ለጥቂት ወራት ቢተዉት ለውጥ ሊያዩ ይችላሉ።

አፈሩን በፍጹም አይጠጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍተኛ የሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) መጠን በተገኘባቸው የቤንቶናይት ዱቄቶች ላይ ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ሊድ በእናት ጡት ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል፤ የሕፃናትን አእምሮ እድገትም ይጎዳል። አፈር በሆድ ውስጥ ብረትንና የሚወስዱትን መድኃኒት አስሮ ሊያስቀርም ይችላል። አፈር የመብላት አምሮት ካለብዎት ግን የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሄሞግሎቢንዎን ያስመርምሩ።

አሁን ለ3 ሳምንት ያህል ፊትዎን ያሳርፉ። ጠዋትና ማታ ሽታ በሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ በለብ ያለ ውኃ ይታጠቡ፤ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬም ይቀቡ። ቀን ቀን ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ይጠቀሙ፤ ሲወጡ ጥላ ወይም ሰፊ ባርኔጣ አይለይዎ። ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ለብጉሩ 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በስሱ፣ በመጀመሪያ በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ መጀመር ይችላሉ። የሚያጠባ ሰው ሊቀባው ይችላል፤ ነገር ግን ጡትዎን አያስነኩት፣ ሕፃኑም ጉንጭዎን እንዳይልስ ይጠንቀቁ። ፎጣና የትራስ ልብስ ስለሚያነጣ ነጩን ይጠቀሙ። አዜላይክ አሲድ የተባለው ክሬምም ለሚያጠቡ እናቶች ይሆናል፤ ብጉሩንም ጥቁረቱንም ስለሚያግዝ ለእርስዎ የምመርጠው እሱን ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳልና በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ አይቁረጡ።

ማስኩን ከወደዱት፣ ቆዳዎ ካገገመ በኋላ ሊመለሱበት ይችላሉ። ነጭ ካኦሊን ይሁን፤ አምራቹና የማብቂያ ጊዜው በግልጽ የተጻፈበትን ታሽጎ የሚሸጥ ይግዙ። አስቀድመው ክንድዎ ላይ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። በንጹሕ ውኃ ብቻ ይለውሱት፤ ሎሚም ኮምጣጤም አይግባበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይቀቡና ገና እርጥብ ሳለ ይታጠቡት። ዓይን አካባቢ፣ ቁስል ላይ ወይም ችፌ ያለበት ቆዳ ላይ አይቀቡ። የተረፈውን ይድፉት፤ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ጀርም ይራባበታል። ዱቄቱ ሲቦን ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ሕፃኑ ባለበት ክፍል አይበጥብጡ።

ፊትዎ ውኃ ወይም መግል መቋጠር ከጀመረ፣ ዓይንዎ ካበጠ ወይም ትኩሳት ካለዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። በጥልቀት የሚያብጥና ጠባሳ የሚተው ብጉር ካለዎትም የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት፤ እንዲህ ያለው በቅባት ብቻ አይመለስም። ሲሄዱ የአፈሩን ከረጢትና ባለፉት 3 ወራት ፊትዎን የቀቡትን ሁሉ፣ ስሙን የማያውቁትንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ።