ስላልበራ ጭርት አይደለም?

ጥያቄ፦ ከሁለት ወር በፊት ከጎረቤት ያመጣናት ድመት ከጆሮዋ ሥርና ከአፍንጫዋ ላይ ፀጉሯ እየረገፈ፣ ቆዳዋም አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። አታክክም፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ሰሞኑን ደግሞ የሰባት ዓመት ልጄ ክንድ ላይ ዳር ዳሩ የቀላ ክብ ነገር ወጣ። ድመቷን ክሊኒክ ወስጃት በመብራት ካዩዋት በኋላ «ስላልበራ ፈንገስ አይደለም» አሉኝ። ጎረቤቶቼ ነጭ ጋዝ ቀቢያት ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ነጩን ጋዝ ይተዉት። ድመት ሰውነቷ ላይ የተቀባውን ሁሉ ልሳ ስለምትውጠው፣ ጋዙ ቆዳዋን ከማቃጠል አልፎ ሊመርዛት ይችላል።

የገለጹልኝ ምልክት ጭርት ይመስላል፤ የልጅዎ ክንድ ደግሞ ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። የድመት ጭርት በአብዛኛው የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ ከተባለ ፈንገስ ሲሆን፣ ወደ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል። አለማከኳ አያዘናጋዎት፤ ጭርት ብዙ ድመቶችን አያሳክክም።

መብራቱ ዉድስ ላምፕ ይባላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበሩት፣ በዚህ ፈንገስ የተያዘው ፀጉር ከሥሩ ጀምሮ እንደ አረንጓዴ ፖም ይፈካል፤ ቅርፊትና ቅባትም ነጣ ያለ ፍካት ስላላቸው ያሳስታሉ። ይሁን እንጂ የተያዘ ሁሉ አይፈካምና፣ «ስላልበራ አይደለም» በሚለው ድምዳሜ አልስማማም። ሐኪሙ ከቁስሉ ዳር ፀጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ እንዲያይ፣ ወይም በአዲስ የጥርስ ብሩሽ መላ ሰውነቷን አበጥሮ ብሩሹን ለካልቸር (ፈንገሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ለማየት) እንዲልክ ይጠይቁ። የካልቸር ውጤት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ጭርት መሆኑ ከተረጋገጠ ሐኪሙ በክብደቷ ልክ ኢትራኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ሊያዝላት ይችላል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሳምንት ተሰጥቶ አንድ ሳምንት ይታረፋል። ከዚሁ ጋር በሳምንት ሁለት ጊዜ መላ ሰውነቷ በኖራና ድኝ ውህድ (ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ ይታገሡት) ወይም ሚኮናዞልና ክሎርሄክሲዲን ባለበት ሻምፖ ይታጠባል። ራቁቱን የቀረውን ቦታ ብቻ ክሬም መቀባት አይበቃም፤ የፈንገሱ ዘር ጤነኛ በሚመስለው ፀጉር ላይም ተበትኗልና። ግሪሶፉልቪን የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዳ ለእርጉዝ ድመት ፈጽሞ አይሰጥም።

የረገፈ ፀጉር ለወራት በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ ለማጽዳት በሚመች አንድ ክፍል ውስጥ ያቆዩአት፤ ፀጉሩን በየቀኑ እየለቀሙ ወለሉን በሳሙና ይጠቡ፣ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ በጥብጠው ይወልውሉ። ፀጉሯ ቢበቅልም፣ የካልቸር ውጤቷ ነጻ እስኪሆን ድረስ ሕክምናውን አያቋርጡ። ልጅዎንም ለሐኪም ያሳዩ፤ ቤት ውስጥ የታመመች ድመት መኖሯንም ይንገሩ።