ከጭስ ማውጫው በኋላ፦ ስለ ከተማ አየር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ስለ አየር ብክለት የሚጽፉልኝ አንባቢዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ቆሻሻው ከየት እንደሚወጣ ነው። ለዛሬ የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ግን የወጣው ነገር አየር ላይ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚመለከቱ ናቸው። በከተማ አየር ውስጥ ሰው ከሚተነፍሳቸው ጎጂ ነገሮች ብዙዎቹ ከየትኛውም ጭስ ማውጫ ያልወጡ፣ እዚያው አየር ላይ የተፈጠሩ በመሆናቸው፣ ይህኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ «አየር ራሱን በራሱ ያጸዳል» ሲባል እሰማለሁ። የሚያጸዳው ምንድን ነው?

መልስ፦ ዋናው አጽጂ ሃይድሮክሲል የሚባለው ራዲካል ነው። ራዲካል ማለት ጥንድ ያላገኘ ኤሌክትሮን የያዘ አቶም ወይም ሞለኪውል ሲሆን፣ ያንን ጉድለቱን ለመሙላት ካገኘው ሞለኪውል ሁሉ ጋር ለመዋሐድ ይቸኩላል። ሃይድሮክሲል የተሠራው ከአንድ የኦክስጅንና ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም ነው፤ አንድ ሃይድሮጅን የጎደለው ውኃ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። አፈጣጠሩ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል። የሞገድ ርዝመቱ ከ320 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ አልትራቫዮሌት ጨረር ኦዞንን፣ ማለትም ከሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተሠራውን ጋዝ፣ ሲሰብር ከፍተኛ ጉልበት ያለው የኦክስጅን አቶም ይለቀቃል፤ ከእነዚህ አቶሞች አብዛኞቹ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ሞለኪውሎች ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን ያጣሉ፣ ጥቂቶቹ ግን የውኃ ተን ያገኙና እያንዳንዳቸው ሁለት ሃይድሮክሲል ይፈጥራሉ። ይህ ሂደት በምንኖርበት በታችኛው ከባቢ አየር ውስጥም ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው ሃይራም ሌቪ የተባለው ሳይንቲስት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር።

መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ ጥቂት ሚሊዮን ሃይድሮክሲል ይገኛል፤ በዚያችው ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ጠቅላላ ብዛት ግን በባሕር ጠለል ከፍታ 25 ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ያህል ነው። ዕድሜውም ቢበዛ አንድ ሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ በተበከለ ከተማ ውስጥ ከዚያ በእጅጉ ያጥራል። ያም ሆኖ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጥቂት ወራት በላይ፣ ሜቴን ደግሞ ከአሥር ዓመት ገደማ በላይ አየር ውስጥ እንዳይቆይ የሚያደርገው በዋናነት እርሱ ነው።

«ያጸዳል» የሚለው አነጋገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሃይድሮክሲል የነካው ነገር ጠፍቶ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። የከተማ አየር ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት እንቅስቃሴ ሲገደብ፣ መኪና ቀንሶ ሳለ፣ በብዙ ከተሞች ኦዞን መጨመሩን አነበብኩ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ያነበቡት ትክክል ነው። በቻይናም በአውሮፓም በብዙ ከተሞች ማዕከል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ቀንሶ ኦዞን ከፍ ብሏል። ምክንያቱን ለመረዳት ከሞተር የሚወጣውን ናይትሪክ ኦክሳይድ መከተል ይበጃል።

ይህ ጋዝ አየር ውስጥ ኦዞን ሲያገኝ አንዱን ኦክስጅን ይነጥቀውና ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ኦዞኑም ይጠፋል። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን በደቂቃዎች ውስጥ መልሳ ትሰብረዋለች፤ የተለቀቀው ኦክስጅን በአየር ውስጥ ካለው ተራ ኦክስጅን ጋር ሲጣመር ኦዞን ተመልሶ ይፈጠራል። አንዱ ጠፍቶ አንዱ የሚተካበት ዑደት ስለሆነ ይህ ብቻውን ኦዞን አያጠራቅምም።

ሚዛኑን የሚያዛቡት ራዲካሎች ናቸው። አንዲት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል እንከተል። ሃይድሮክሲል ሲያገኛት ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለወጥና አንድ የሃይድሮጅን አቶም ይፈናጠራል። አቶሙ ወዲያውኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮፐሮክሲል የተባለ ሌላ ራዲካል ይሆናል። ሃይድሮፐሮክሲል ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያገኝ አንድ ኦክስጅን ይሰጠውና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ የጠፋ ኦዞን የለም። ፀሐይ ያንን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ስትሰብረው የሚፈጠረው ኦዞን እንግዲህ ጭማሪ፣ ትርፍ ኦዞን ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ በዚህ ሁሉ መጨረሻ ሃይድሮክሲሉም ናይትሪክ ኦክሳይዱም እንደነበሩ ተመልሰው መገኘታቸውና ዑደቱን እንደገና መጀመር መቻላቸው ነው። ከነዳጅ፣ ከቀለምና ከመሰል ነገሮች የሚተኑ የካርቦን ውሕዶች ሲገቡበት ደግሞ አንድ ሞለኪውል ደረጃ በደረጃ ሲፈርስ ከአንድ በላይ ኦዞን ሊያስገኝ ይችላል።

ዑደቱ የሚቋረጠው ራዲካሎቹ እርስ በርሳቸው ወይም ከሌላ ነገር ጋር ተዋሕደው ሲጠፉ ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እጅግ በበዛበት ቦታ ሃይድሮክሲል ከእርሱ ጋር ተዋሕዶ ናይትሪክ አሲድ ይሆናል፤ ዑደቱን የሚያንቀሳቅሰው ራዲካል ስለሚመናመንም የኦዞን አፈጣጠር ይዳከማል። በዚህ ላይ ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ትኩስ ናይትሪክ ኦክሳይድ በአካባቢው ያለውን ኦዞን ይበላል። እንዲህ ባለ ከተማ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች (ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ) ብቻ ሲቀንሱ ሁለቱም ልጓሞች ይላላሉ፤ ኦዞንም ይጨምራል። በሎስ አንጀለስና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የከባድ መኪና እንቅስቃሴ በሚቀንስባቸው የሳምንት መጨረሻ ቀናት ኦዞን ከሥራ ቀናት ከፍ ብሎ ለአሥርተ ዓመታት ሲለካ ቆይቷል። በ2020 የታየው የዚሁ ሰፋ ያለ መልክ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው መኪና መቀነሱ ጥቅም የለውም» ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ራሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ቅነሳው በበቂ መጠን ከቀጠለም ኦዞን የሚወርድበት ደረጃ ላይ ይደረሳል። የሚያስቸግረው መካከለኛው መንገድ ነው፤ እርሱንም ለማሳጠር የሚተኑትን የካርቦን ውሕዶች አብሮ መቀነስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኦዞን ከላይ ጋሻችን ከሆነ ከታች ያለው ወደ ላይ ወጥቶ የሳሳውን ቢሞላስ?

መልስ፦ አይችልም። የመከላከያው ኦዞን የሚገኘው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ የሚፈጠረው ኦዞን እዚያ ከመድረሱ በፊት ሌላ ነገር ያገኝና ይጠፋል፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ሳንባና ቅጠል አለ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ጎማ ብዙም ሳይሠራ በጎኑ ተሰነጣጠቀ። መካኒኩ «አየሩ ነው» አለኝ። እውነት ነው ወይስ ማመካኛ?

መልስ፦ ፀሐይና እርጅናም ድርሻ ስላላቸው የእርስዎን ጎማ ሳላይ መፍረድ አልችልም፤ ነገር ግን የመካኒኩ አባባል ጥሩ ታሪክ አለው። ኦዞን በጎማ ሞለኪውል ውስጥ ያሉትን የካርቦን ድርብ ትስስሮች ይበጥሳል፤ ጎማው በተለጠጠበት ቦታም ስንጥቅ ይከፈታል። በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲበረታ ጎማዎች ቶሎ ይሰነጣጠቁ ጀመር። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የአናናስን ጣዕም ያጠና የነበረው የዕፅዋት ባዮኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ጉዳዩን መረመረ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም ከነዳጅ የሚተኑ ውሕዶችና ናይትሮጅን ኦክሳይዶች በፀሐይ ብርሃን ሥር ኦዞን እንደሚፈጥሩ አሳየ። ከመለኪያ ዘዴዎቹ አንዱ የታጠፈ የጎማ ቁራጭ ነበር፤ ስንጥቁ እስኪታይ የሚፈጀው ጊዜ ሲያጥር አየሩ ውስጥ ያለው ኦዞን ብዙ መሆኑን ይነግራል። የዛሬ ጎማዎች ኦዞንን የሚቋቋም ኬሚካል ይጨመርባቸዋል።

ጥያቄ፦ ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ሁሉ ይቆማል?

መልስ፦ መልኩን ይለውጣል። ሌሊት ሃይድሮክሲል እጅግ ይቀንሳል፤ በምትኩ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ናይትሬት የሚባል ራዲካል ይፈጠራል። ይህ ራዲካል ቀን ላይም ይፈጠራል፣ ግን ፀሐይ በሰከንዶች ውስጥ ስለምትሰብረው አይጠራቀምም። ሌሊት ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ጋር ይጣመርና እርጥብ ቅንጣቶች ላይ ሲያርፍ ወደ ናይትሪክ አሲድ ይለወጣል።

ሌላም የሚጠራቀም ነገር አለ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ እርጥበት ባለበት ግድግዳ፣ አስፋልትና አፈር ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ናይትረስ አሲድ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። ንጋት ላይ ፀሐይ ገና ዝቅ ብላ ሳለች ኦዞንን ሰብሮ ሃይድሮክሲል ለመፍጠር የሚያስፈልገው አጭር ሞገድ ጨረር ደካማ ነው፤ ናይትረስ አሲድን ለመስበር ግን ረዘም ያለው ሞገድ ይበቃል። ስለዚህ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሃይድሮክሲል በብዙ ከተሞች በአብዛኛው ከዚህ የሌሊት ቅሪት የሚመጣ ነው። የጠዋት የትራፊክ ጭስ አየር ላይ ሲደርስ ራዲካሎቹ ቀድመው ይጠብቁታል።

ጥያቄ፦ ዛፎች አየር ይበክላሉ የሚባለው ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፤ ነገር ግን ለፖለቲካ ክርክር የሚመች አጉል አነጋገር ነው። ባሕር ዛፍን የመሳሰሉ ብዙ ዛፎች በሙቀት ጊዜ አይሶፕሪን የተባለ ጋዝ ይለቃሉ፤ በዓለም ዙሪያ በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ቶን ይገመታል። ሃይድሮክሲል በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ካለ ደግሞ ኦዞን ይፈጠራል። ናይትሮጅን ኦክሳይድ በሌለበት ጫካ ውስጥ ግን ይህ ጋዝ ብዙ ኦዞን አይፈጥርም።

ይህ ለፖሊሲ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአትላንታ ከተማ ላይ የቀረበ ጥናት ዛፎች የሚለቁት ጋዝ ብዙ በሆነበት ቦታ የነዳጅ ተን ብቻ መቀነሱ ኦዞንን እምብዛም እንደማያወርደው፣ መቀነስ ያለበትም ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንደሆነ አሳየ። ለአንድ ከተማ የሠራው መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ዛፍ መቁረጥ ግን በየትኛውም ስሌት መልስ ሆኖ አይወጣም።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ፋብሪካም የሚቃጠል ነገርም የለም። ታዲያ ጭጋጉ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከሩቅ የመጣ፣ በመንገድም የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ ቅንጣቶች ሁሉ ጥላሸት አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከጋዝ የተፈጠሩ ናቸው። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በሃይድሮክሲል አማካይነት፣ በደመናና በጉም ጠብታ ውስጥ ደግሞ ይበልጥ በፍጥነት፣ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። ከማዳበሪያና ከከብት ፍግ የሚወጣ አሞኒያ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ደቃቅ ጨው ይሆናል፤ ይህ ጨው በሙቀት ስለሚተን በብርድ ወራት ይበዛል። እርሻና መኪና ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው አንድ ቅንጣት አብረው ይሠራሉ።

በለንደን እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 5 እስከ 9 ቀን 1952 የወረደው ጭጋግ የድንጋይ ከሰል ጭስና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከጉም ጋር ተደባልቀው የፈጠሩት ነበር። መጀመሪያ የሟቾች ቁጥር 4,000 ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ግምቶች ወደ 12,000 ያደርሱታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ደቃቅ ቅንጣቶች የሚመከረውን ዓመታዊ አማካይ ጣሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም አውርዷል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ልሩጥ ወይስ ከሰዓት?

መልስ፦ ኦዞን ከፍ የሚለው ፀሐይ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራች በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር እስከ አመሻሽ ነው። በጠዋቱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ደግሞ መሬት አጠገብ ያለው አየር ገና ስላልተደባለቀ የመኪና ጭስ ይታመቃል። ፀሐያማና ሞቃት በሆነ ወቅት ማለዳ፣ ትራፊኩ ሳይበረታ፣ ከዋና መንገድ ራቅ ብሎ መሮጥ ይሻላል። ሌሊቱ የረጋ፣ ብርዳማና ጭስ የታመቀበት ከነበረ ግን ረፋዱ ላይ አየሩ እስኪደባለቅ መጠበቅ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኦዞን እያመነጨ የቤት ውስጥ አየር ያጸዳል የተባለ መሣሪያ ልገዛ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አይግዙ። ኦዞን ሳንባን ይጎዳል፤ በዚያ ላይ በጽዳት ፈሳሾችና በሽቶዎች ውስጥ ካለው፣ የሎሚ ሽታ ከሚሰጠው ሊሞኒን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድና እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ይፈጥራል። የሚፈልጉት ቅንጣት የሚያጣራ መሣሪያ ከሆነ ኦዞን የማያመነጭ፣ በማጣሪያ ብቻ የሚሠራ ይምረጡ፤ ማጣሪያውንም አምራቹ በሚያዘው ጊዜ ይቀይሩ።